የኤቢኤ ባለሙያዎች ቤታችሁን ሳያውቁ ልጃችሁን እንዳይመዝኑ፦ ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ አሜሪካ ለምትኖሩና ኦቲዝም ያለበት ልጅ ለምታሳድጉ ነው። ኤቢኤ የሚባለውን፣ የልጁን ድርጊት እየተከታተለ አዳዲስ ችሎታዎች የሚያስተምረውን ቴራፒ ልትጀምሩ ከሆነ፣ ወይም ጀምራችሁ ነገሩ አልሰምር ካላችሁ አንብቡት።

አልሰምር የሚለው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ባለሙያዋ ትመጣለች፣ ትጠይቃለች። እኛ "እሺ" እንላለን። ፈርሙ ስትል እንፈርማለን። ከሦስት ወር በኋላ ልጁ ክሊኒክ ውስጥ "ዋተር" ይላል፤ ቤት ሲገባ ግን አያቱን ውሃ መጠየቅ አይችልም።

እኔም ቤት ደርሷል። በልጄ የመጀመሪያ ዕቅድ ላይ "በራሱ አይመገብም" ተብሎ ተጽፎ ነበር። ባለሙያዋ ያየችው እኔ ያጎረስኩትን ሁለት ጉርሻ ነው። ልጄ ብቻውን ግማሽ እንጀራ ድምጥማጡን እንደሚያጠፋ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ስድስት ወር ሙሉ የሚችለውን ነገር ሲያስተምሩት ከረሙ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማን ምን እንደሚሠራ እወቁ

ቢሲቢኤ የምትባለው ልጁን የምትገመግምና ዕቅድ የምታወጣ ባለሙያ ናት። አርቢቲ ደግሞ በየቀኑ ከልጁ ጋር የሚቀመጠው ቴክኒሻን ነው። የአርቢቲው መነሻ ስልጠና 40 ሰዓት ነው፤ ዕቅድ የመቀየር ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ከአርቢቲው ጋር አትጣሉ። ዕቅዱ ላይ ቅሬታ ካላችሁ ቢሲቢኤዋን ፈልጉ።

አንድ ደብተር፣ ድምፅና ቪዲዮ የሚቀዳ ስልክ፣ ሁለት የተረጋጉ ምሽቶች ያስፈልጓችኋል። ምሽቶቹን ማግኘት ከሁሉም ይከብዳል፤ አውቃለሁ።

ደረጃ 1፦ የቤታችሁን ወረቀት ጻፉ

ይህን ከግምገማው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ጨርሱ። ሁለት ገጽ ይበቃል። በአማርኛ ጻፉት፤ ከዚያ እንግሊዝኛ የሚችል ዘመድ ወይም ጓደኛ ይተርጉምላችሁ። ባለሙያዋ ቤታችሁን በግምት ልታውቀው አትችልም። ያልተነገራትን ነገር በምታውቀው ቤት፣ ማለትም በራሷ ቤት ትለካዋለች።

የሚከተሉትን አስገቡ።

*ስም።* ስሙ ሲጠራ መዞር አለመዞሩ ከሚታዩት የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ነው። ልጃችሁ ወረቀት ላይ "ዳግማዊ"፣ ቤት ውስጥ ግን "ማሙሽ" ከሆነስ? ባለሙያዋ "ዳግማዊ"ን በራሷ አነባበብ ብትጠራውና ባይዞር ምንም አያስረዳም። ቤት የሚጠራባቸውን ስሞች ሁሉ ጻፉ። በድምፃችሁም ቅዱና ላኩላት።

*አዎና አይ።* ብዙዎቻችን አዎ ስንል አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ ወይም ቅንድባችንን ከፍ እናደርጋለን። አይ ስንል ምላሳችንን ጠቅ የምናደርግም አለን። ልጆች ይህን ከቃል ቀድመው ሊይዙት ይችላሉ። የምትመዘግበው ሰው ካላወቀችው "መልስ አልሰጠም" ብላ ትጽፋለች። የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ቀርጻችሁ አሳዩ።

*ዓይን።* "ዓይን ለዓይን ይያያል" የሚል ግብ ብዙ ዕቅድ ውስጥ አለ። ቤታችሁ ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፋ ማድረግ ጨዋነት ከሆነ ጻፉት። በነገራችን ላይ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎችም ዓይን ማየት እንደሚያስጨንቃቸው ይናገራሉ። ስለዚህ ይህ ግብ እንዲወጣ ወይም "ሲጠራ ፊቱን ያዞራል" በሚል እንዲተካ ብትጠይቁ ነውር የለውም።

*ገበታ።* በእጅ እንደምትበሉ፣ ከአንድ ትሪ እንደምትበሉ፣ ጉርሻም የፍቅር እንጂ ልጁ ስለማይችል የሚደረግ እንዳልሆነ ጻፉ። አለበለዚያ "ሹካ አይጠቀምም"፣ "ከሰው ሳህን ያነሳል" የሚል ይመጣል። የትምህርት ቤት ምሳ ላይ ሹካ ቢለምድ ይጠቅመዋል፤ እሱን ራሱን የቻለ ግብ አድርጉት። ቤት ውስጥ ግን "ከፊቱ ካለው ይበላል" የሚለው ግብ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ከአንድ ትሪ የሚበላ ቤተሰብ የሚፈልገው ይህንን ነው።

*ቋንቋ።* "ቤት ውስጥ አማርኛ ነው የምንናገረው" ብላችሁ አትለፉ። ማን ከማን ጋር፣ በምን ቋንቋ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚነጋገር ዘርዝሩ። አያት በአማርኛ ብቻ፤ እህት በእንግሊዝኛ፤ ዩቲዩብ በእንግሊዝኛ፤ ሲተኛ በአማርኛ። ልጁ በአማርኛ የሚያውቃቸውን ቃላት አንድ በአንድ ቁጠሩ።

*ሰዓት።* የቤተሰቡ ሽማግሌዎች "3 ሰዓት" ሲሉ ጠዋት 9 እንደሆነ ጻፉ። በዚህ የተነሳ ቀጠሮ ያመለጠው ሰው ብዙ ነው።

*ጸሎትና ጾም።* ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መቼ እንደምትሄዱ፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ፣ ልጁ እዚያ ምን እንደሚከብደው አስፍሩ። ዕጣን? ከበሮ? ጫማ ማውለቅ? ጠበል የምትወስዱት ከሆነም ቀኑን ንገሯቸው። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግን ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቋርጡ።

*ጥንቃቄ፦* ስለ ቅጣት ሲጠይቋችሁ እውነቱን ተናገሩ፤ ግን እወቁት። እነዚህ ባለሙያዎች ልጅ ተጎድቷል ብለው ከጠረጠሩ ለመንግሥት የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ቁንጥጫ እኛ ዘንድ ተራ ነገር ነው፤ እዚህ ግን በልጁ ገላ ላይ ምልክት ከተገኘ መዘዙ ብዙ ነው። ቤት ውስጥ የሚቆነጥጥ ሰው ካለ ቴራፒው ከመጀመሩ በፊት አስቁሙ። ከዚያ "በእሱ ምትክ ምን ላድርግ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ በደንብ ይገባቸዋል።

ደረጃ 2፦ አስተርጓሚ ጠይቁ

እንግሊዝኛ ብትችሉም ጠይቁ። ሥራ ቦታ የሚያግባባ እንግሊዝኛ ስለ ልጅ ለመወሰን ላይበቃ ይችላል።

መብታችሁ ይህ ነው። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ወይም ሌላ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና አገልግሎት ሰጪ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። መሠረቱ የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010 የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 ናቸው። "የራሳችሁን ሰው አምጡ" ማለት አይፈቀድም። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅም እንዲያስተረጉም አይደረግም። ታላቅ እህቱን አታስተርጉሟት፤ ስለ ወንድሟ የማይገባትን ነገር ተሸክማ ትኖራለች። ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አላችሁ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛን ያስተናግዳሉ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. መጀመሪያ ስትደውሉ "አይ ኒድ ኤ ፍሪ አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፎር ኤቭሪ ሚቲንግ" (ለእያንዳንዱ ስብሰባ ነፃ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ) በሉ።
2. "አምሃሪክ" የሚለውን ቃል ድገሙት። "ኢትዮጵያዊ" ካላችሁ የትግርኛ ወይም የኦሮምኛ አስተርጓሚ ሊመጣላችሁ ይችላል።
3. ያላችሁትን በዚያው ቀን በኢሜይል ጻፉ። በስልክ የተባለ ነገር ይረሳል።
4. ከስብሰባው ሁለት ቀን ቀድማችሁ መኖሩን አረጋግጡ።

*አስተርጓሚው የምታውቁት ሰው ከሆነስ?* የኛ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችሁ ሰው ሊሆን ይችላል። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ቢሆንም ካልተመቻችሁ አትቀመጡ። "በስልክ፣ ከሌላ ስቴት የሆነ ሰው ይሁንልኝ" በሉ። ይህን መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም።

*አስተርጓሚ ካልመጣ?* "እስኪ እንሞክረው" አትበሉ። በስልክ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ካልተቻለ ቀጠሮውን ቀይሩ፤ ምንም አትፈርሙ።

ደረጃ 3፦ ቃላቱን አስቀድማችሁ አስተካክሉ

ጎበዝ አስተርጓሚም የዚህን ሙያ ቃላት ላያውቅ ይችላል። ከስብሰባው በፊት አምስት ደቂቃ ጠይቁና በእነዚህ ላይ ተስማሙ።

"ቢሄቪየር" ብዙ ጊዜ "ጠባይ" ተብሎ ይተረጎማል። ከዚያ "የልጃችሁ ጠባይ ችግር አለበት" ሲባል እናት አስተዳደጓ የተሰደበ ይመስላታል። አባት ይቆጣል፤ ስብሰባው እዚያው ያልቃል። "ድርጊት" በሉት። ልጁ ሲሠራው የሚታይና የሚቆጠር ነገር ማለት ነው፤ መጮህ፣ መንከስ፣ ውሃ መጠየቅ።

"ፈንክሽን" ተግባር ማለት አይደለም። ድርጊቱ ለልጁ የሚያስገኝለት ጥቅም ነው። አራት ተብሎ ይመደባል፦ የሰው ትኩረት፣ ከሚጠላው ነገር ማምለጥ፣ የሚፈልገውን ዕቃ ወይም ምግብ ማግኘት፣ ለገላው የሚሰጠው ስሜት።

"ሪኢንፎርስመንት" አባቶች ጆሮ ላይ "ጉቦ" ሆኖ ይሰማል። ከድርጊቱ በኋላ መጥቶ ድርጊቱን የሚያበዛ ማንኛውም ነገር ነው። "ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት" ደግሞ ቅጣት አይደለም። ልጁ ፀጉሩ ሲበጠር ይጮሃል፣ እናንተ ማበጠሪያውን ታስቀምጣላችሁ፣ በማግስቱ ጩኸቱ ይጨምራል። እሱ ነው።

"ኤክስቲንክሽን" "ማጥፋት" ተብሎ ሲተረጎም ሰምቼ ደንግጫለሁ። ድርጊቱ ያስገኝ የነበረውን ጥቅም ማቆም ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ድርጊቱ ብሶበት ሊታይ ይችላል። ይህን ሳይነግሯችሁ ካስጀመሯችሁ አስቁሟቸው።

"ዘገምተኛ" የሚለውን አስተርጓሚው እንዳይጠቀም በግልጽ ንገሩት። "የአእምሮ እድገት ውስንነት" ይበል።

ደረጃ 4፦ የግምገማው ቀን

ወረቀታችሁን አትሙና እጇ ላይ አስቀምጡ። በኢሜይል ልካችሁት ከሆነም እንደገና ስጧት።

በጥያቄ የሚሞላ መመዘኛ ታወጣለች። "ሳይረዳ ልብሱን ይለብሳል?" ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። እኛ ቤት የአምስት ዓመት ልጅን ማልበስ የእናት ወግ ነው። "አያደርግም" ካላችሁ እንደማይችል ይቆጠራል። መልሱን ሁሌ ለይታችሁ ተናገሩ፦ "አይችልም"፣ "ይችላል፣ ግን እኔ አለብሰዋለሁ" ወይም "ሞክሮ አያውቅም"። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ልጁን የምታየውም በአንድ ቋንቋ ብቻ እንዳይሆን። አንዱን ነገር በእንግሊዝኛ ትጠይቀው፤ ከዚያ እናንተ በአማርኛ ጠይቁት። "ቦል" ሲባል ዝም ብሎ "ኳስ" ሲባል የሚያነሳ ልጅ ኳስን ያውቃል። ሁለቱም ውጤት ይመዝገብ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ቤቱ ስፓኒሽ የሚነገርበትን ልጅ ተከታትሎ ነበር። በቤቱ ቋንቋ ሲታዘዝ ትክክለኛ መልሱ በዝቷል፣ ረብሻውም ቀንሷል። ጥናቱ በአንድ ልጅ ላይ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ለባለሙያዋ ንገሯት፣ ትሰማችኋለች።

"እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት፣ ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል" የሚላችሁ ካለ አትቀበሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር እንደሚያዘገይ ጥናቶች አላሳዩም። እናት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ልታወራ ስትሞክር ወሬዋ ሁሉ ወደ ትእዛዝ ይለወጣል፤ "ካም"፣ "ሲት"፣ "ኖ"። ልጁ ጨዋታውን፣ ተረቱን፣ ማባበሉን ያጣል።

ደረጃ 5፦ ዕቅዱን ሳትፈርሙ ያዙት

ታብሌት አቅርባ "እዚህ ጋ ፈርሚ" ስትል ይሉኝታ አይያዛችሁ። "ገና አልወሰንኩም፣ አንብቤ እመልሳለሁ" በሉ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

ለእሷም አንድ ነገር ንገሯት፦ እኛ ቤት "እሺ" ማለት "ሰምቻለሁ" ማለት ሊሆን ይችላል። ተስማምተናል ማለት ላይሆን ይችላል። አንዴ ከገባት ራሷ መልሳ መጠየቅ ትጀምራለች።

ዕቅዱን ቤት ስታነቡ እያንዳንዱን ግብ በእነዚህ ጥያቄዎች ፈትሹ፦

- ይህ ነገር ልጄ በቤታችን ሕይወት ይጠቅመዋል?
- በየትኛው ቋንቋ ነው የሚማረው? ተጽፏል?
- ከቴራፒስቷ ሌላ ከማን ጋር እንዲያደርገው ይጠበቃል? አያቱ አሉበት?
- ልጄ እምቢ ሲል ምን ይደረጋል?

የመጨረሻው ላይ ጨክኑ። ቁርስ ወይም ምሳ መከልከል፣ በጉልበት ይዞ ማስቀመጥ፣ ማንንም የማይጎዳ እጅ ማራገብን ለማስቆም መታገል ካለበት አትፈርሙ። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ለወላጅ ስልጠና የተመደበውን ሰዓትም እዩ። በኢንሹራንስ ወረቀት ላይ ቁጥሩ 97156 ነው። ዜሮ ከሆነ ወይም ያለ አስተርጓሚ ከሆነ ይስተካከል። ኢንሹራንሱ ስንት ሰዓት ፈቀደ የሚለው ሌላ ጭቅጭቅ ነው። እሱን ቢሮው ይጨርሰው፤ ልጃችሁ ከ21 ዓመት በታች ሆኖ ሜዲኬይድ ካለው ግን ሐኪም ያስፈልገዋል ያለውን ሕክምና መሸፈን እንዳለበት አትርሱ።

ባለሙያዋ "ይህ የተለመደ አሠራር ነው" ብትል ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራውን የራሳቸውን የሥነ ምግባር ደንብ አስታውሷት። ቁጥር 1.07 ለባህል ልዩነት ተገቢ ትኩረት እንድትሰጥ፣ ቁጥር 2.08 ደግሞ በሚገባችሁ ቋንቋ እንድታስረዳችሁ ያስገድዳታል። ቁጥሩን ስትጠሩ አቀማመጧ ይስተካከላል።

ደረጃ 6፦ መጠየቂያ ቃላቱን እናንተ ምረጡ

ኤቢኤ መጀመሪያ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ልጁ የሚፈልገውን እንዲጠይቅ ነው። ሳይጮህ እንዲያገኝ። እዚህ አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ባለሙያዋ ልታውቀው አትችልም።

"ስጠኝ" ለወንድ ነው። ለእናቱ "ስጪኝ"፣ ለአያቱ "ስጡኝ" ሊል ነው። ቃል ገና የሚጀምር ልጅ ሦስቱን መለየት አይችልም። የአባቱን "ስጠኝ" ለእናቱ ሲል ሰው ይስቅበታል፣ እሱም ይተወዋል። ስለዚህ በማንም ፊት የማይለወጡ ቃላት ምረጡ፦

1. መጀመሪያ የዕቃው ስም ብቻ፦ "ውሃ"፣ "ኳስ"፣ "ዳቦ"።
2. ቀጥሎ "በቃኝ"፣ "ራበኝ"፣ "ጠማኝ"፣ "ደከመኝ"፣ "አመመኝ"። ወንድም ሴትም ልጅ እኩል ይላቸዋል፤ ለማንም ቢባሉ አይለወጡም። ለጀማሪ ከእነዚህ የተመቸ አላየሁም።
3. እርዳታ ለመጠየቅ "እርዱኝ"። ለአንድ ሰውም ቢባል አክብሮት ነው፤ የሚቀየመው የለም።
4. በመጨረሻ "ውሃ እፈልጋለሁ"።

"በቃኝ"ን ከሁሉም አስቀድሙ። ማቆም እንደሚችል ያወቀ ልጅ ለመንከስ ምክንያቱ ይቀንሳል። ሲል ደግሞ ወዲያው አቁሙ፤ ካላቆማችሁ ቃሉ ዋጋ የለውም።

ባለሙያዋ አማርኛ አትችልም? እነዚህን ቃላትና በቤት የምትጠቀሙባቸውን አሥር ትእዛዞች በድምፃችሁ ቅዱላት። ለሴት ልጅ ከሆነ "ተቀመጪ"፣ "ነይ" ብላችሁ ቅዱ። አሥር ቃል ማንም ይለምዳል። ልጁ በታብሌት የሚናገር ከሆነና መተግበሪያው የአማርኛ ድምፅ ከሌለው በየሥዕሉ ላይ የራሳችሁን ድምፅ አስገቡ። ጽሑፉም በአማርኛ ፊደል ይሁንላችሁ፤ አያትም ያነቡታል።

ደረጃ 7፦ ሽልማቱን ፈትሹ

የትናንሽ ልጆች ቴራፒ ላይ ምግብ ለሽልማት ይሰጣል። ምን እንደሚሰጥ ዝርዝሩን ጠይቁ።

ጎልድፊሽ የሚባለው ብስኩት አይብ አለበት፤ ኤም ኤንድ ኤም ወተት አለበት። ልጅን የማስጾም ልማድ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ብዙዎች ከሰባት ዓመት ይጀምራሉ። የእናንተን ወስኑና ጻፉ። ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን በካላንደር ምልክት አድርጋችሁ ስጡ። ጄላቲን ያለበት ማስቲካ መሰል ከረሜላ ደግሞ ከአሳማ ሊሠራ ይችላል፤ ሙስሊም ቤተሰቦች ማሸጊያውን ራሳችሁ አንብቡ። በረመዳን የማታ ቀጠሮ ካላችሁ ከኢፍጣር ጋር እንዳይጋጭ ቀድማችሁ አዛውሩ።

ምትኩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቆሎ ማኘክ ለሚችል ልጅ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ። ከምግብ ውጭም አስቡ። በልጄ የሽልማት ዝርዝር ውስጥ አንደኛ የወጣው እስክስታ ነበር። ቴክኒሻኑ ትከሻውን ሲያንቀጠቅጥለት ይፈርሳል በሳቅ።

ደረጃ 8፦ ቤት ሲመጡ

ጫማ ማውለቅን፣ የት እንደሚቀመጡ፣ ማን እንደሚኖር አስቀድማችሁ በመልእክት ላኩ።

ቡና አቅርባችሁ እንቢ ቢሏችሁ እንደ ንቀት አትውሰዱት። ደንባቸው ከ10 ዶላር በላይ የሚያወጣ ስጦታ መቀበልን ይከለክላቸዋል፤ አንዳንድ ድርጅት ጭራሽ ምንም እንዳትቀምሱ ይላል። "አንድ ስኒ ከእኛ ጋር መቀመጥ እኛ ቤት ሰላምታ ነው" ብላችሁ ለቢሲቢኤዋ አስረዱ። ሽቶና የባህል ልብስ ግን አትስጡ፤ ሰዎቹን ታስጨንቃላችሁ።

ትልቁ ፈተና አያት ናቸው። ከአዲስ አበባ መጥተዋል፣ ልጁ ሲያለቅስ አንጀታቸው አይችልም፣ ስልካቸውን ይሰጡታል። ቴራፒስቷ "ሲጮህ ስልክ አይሰጠው" ብላለች። አምስት ሰው ከልክሎ አንድ ሰው ከሰጠ ጩኸቱ ከበፊቱ ይበረታል፤ ልጁ ትንሽ ከጸና እንደሚያገኝ ተምሯል። ስለዚህ፦

1. አያት ካልተስማሙ ይህን ዓይነት ዕቅድ አታስጀምሩ።
2. ቴራፒስቷ ስትገባ መጀመሪያ እሳቸውን ሰላም ትበል፤ "እማማ" ብላ ትጥራቸው።
3. ለእሳቸው ክልከላ ሳይሆን ሥራ ስጧቸው፦ ልጁ "ስልክ" ብሎ በቃል ወይም በሥዕል ሲጠይቅ የሚሰጡት እሳቸው ይሁኑ።

ሦስተኛው ይሠራል። መስጠት ነው የሚፈልጉት፤ ይስጡ።

ደረጃ 9፦ ቴራፒስቷ የማታየውን መዝግቡ

ማክሰኞ በአሥር ሰዓት የምትመጣ ሰው ቅዳሜን አታውቅም። ቅዳሜ እንግዳ አለ፣ ቡና ይቆላል፣ አፓርታማው ውስጥ የጭስ ማንቂያው ይጮሃል፣ ልጁ እጁን ይነክሳል።

ደብተራችሁን በሦስት ክፈሉት፦ ከድርጊቱ በፊት፣ ድርጊቱ፣ ከድርጊቱ በኋላ። በአማርኛ ጻፉ። ለምሳሌ፦ "ቡና ሲቆላ ማንቂያው ጮኸ / ጆሮውን ይዞ እጁን ነከሰ / አባቱ መኪና ውስጥ ወሰደው።" "ተበሳጨ" ወይም "አስቸገረ" ብላችሁ አትጻፉ። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። አሥር እንዲህ ያለ መስመር ከአንድ ሰዓት ገለጻ ይበልጣል። እዚህ ላይ ለምሳሌ ልጁ የሚሸሸው ድምፁን እንጂ እንግዳውን እንዳልሆነ ይገባችኋል። ቡናው በረንዳ ላይ ይቆላ።

ከዚያ አንድ የቅዳሜ ክፍለ ጊዜ ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን የሚከብደው ከሆነም በግብ መልክ ይገባ፦ መጀመሪያ ደጀ ሰላም ላይ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ከቅዳሴው ማብቂያ አሥር ደቂቃ ቀድሞ መግባት። ሦስት ሰዓት ቆሞ ማስቀደስን ለመጀመሪያው ቀን አታስቡት።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ክሊኒክ ይችላል፣ ቤት አይችልም።* የተማረው በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ሰው፣ በሌላ ክፍል ነው። እናንተ ባላችሁበት፣ በአማርኛ፣ በራሳችሁ ዕቃ እንዲደገም ጠይቁ። ብርጭቆው ሳይቀር የቤታችሁ ይሁን።

*ቴክኒሻኑ ይቀያየራል።* የሚያጋጥም ነው። የቤታችሁን ወረቀትና የድምፅ ቅጂዎቹን ለአዲሱ በመጀመሪያው ቀን ስጡ። ቢሮው አስተላልፎለታል ብላችሁ አትመኑ።

*ልጁ ቴራፒስቷ ስትመጣ ይደበቃል።* ሁለት ሳምንት ከቀጠለ አትለፉት። "ዕቅዱን ለጊዜው አቁማችሁ ጨዋታ ብቻ አድርጉ" በሉ። እየጠላው የሚማረው የለም።

*ቢሲቢኤዋ አልሰማ አለች።* በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሰባት ቀን ጠብቁ። ከዚያ ለድርጅቱ የክሊኒክ ኃላፊ፣ ከዚያ ለኢንሹራንሱ። በመሐል ሌላ ድርጅት ወረፋ ያዙ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሳትጣሉ ያዙት።

*ትምህርት ቤቱ የራሱን ዕቅድ አውጥቷል።* ያ አይኢፒ ይባላል፤ ሕጉም ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ በስብሰባው ላይ የሚባለው እንዲገባችሁ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ልጁንም ሲገመግም፣ ፈጽሞ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ በሚናገረው ቋንቋ መሆን አለበት። ደረጃ 1ን፣ 3ንና 6ን ይዛችሁ ሂዱ። "በቃኝ" ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ክፍል ውስጥም ይሥራ፤ ለአስተማሪዋ ቃሉን በላቲን ፊደል ጽፋችሁ በልጁ ቦርሳ ላይ አንጠልጥሉላት።

በየስድስት ወሩ

ኢንሹራንሱ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር እንደገና ግምገማ ይጠይቃል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ የቤታችሁን ወረቀት አውጡና እርሳስ ያዙ። አያት ተመልሰው ከሄዱ ሰርዙ። አዲስ ሕፃን ከተወለደ ጨምሩ። ልጁ በአማርኛ የጨመራቸውን ቃላት ቁጠሩ። ማሙሽ መባል አልፈልግም ብሎ ከሆነም ጻፉት፤ የኔ ልጅ ብሏል።